እረኛው ድንጋይ ላይ ሲወጣ፦ በካሬ የሚሄድ ጌም ውስጥ ስህተቱን እንዴት እንደምፈልግ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተማርኩት ደንበኛ በማይመጣበት የክረምት ከሰዓት፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ከዩቲዩብ ነው። ሊቅ አይደለሁም። ስህተት መፈለግ ግን አውቅበታለሁ። ዓይኔ የደከመው ሃያ ገጽ ውል ውስጥ አንዲት የተዛባች ቁጥር ሲፈልግ ነው።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጣልኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሷል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲጫወት ሳየው «መጫወት ከወደድክ ጌሙን ራስህ ሥራው» አልኩት። አፉን ለማስያዝ ነበር ያልኩት። እሱ ግን የምር ያዘው።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንድ የመንዝ እረኛ በግ ጠፍታበታለች። ሜዳው በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። ነጥብ ሣር ነው። «ድ» ድንጋይ፣ «በ» በጓ፣ «እ» እረኛው። ተጫዋቹ «ሰሜን» ወይም «ምሥራቅ» ብሎ ይጽፍና ኢንተር ይጫናል። እረኛው አንድ ካሬ ይሄዳል። በግራ ጠርዝ ጅሩ፣ በቀኝ ጣርማ በር፣ ከላይ መንዝ፣ ከታች ደብረ ብርሃን። ርቀቱን አትጠይቁኝ፤ ካርታውን የሣለው እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን «አክስቴ፣ እረኛው አብዷል» ብሎ መጣ። ሰሜን ሲሉት ደቡብ ይሄዳል። ድንጋይ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ጅሩ ላይ ተሰውሮ ጣርማ በር ላይ ብቅ ይላል።

ልጁ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ሳታደርጉት አልቀራችሁም። ኮዱ (ለኮምፒውተሩ የጻፈው መመሪያ) ውስጥ ያለውን ፕላስ ማይነስ አደረገው። አልሆነም። ማይነሱን ሳይመልስ ሌላ ቦታ ያለውን ፕላስ ቀየረ። ትንሽ የተሻለ መሰለው። ሦስተኛ ቦታ ነካ። ሲመሽ ጧት ትክክል የነበረው ሁሉ ተበላሽቶ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሱ። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አምጡ። ካርታውን እንዳለ ገልብጡት። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የረድፉን ቁጥር፣ ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ የዓምዱን ቁጥር ጻፉ። ከ 1 ሳይሆን ከ 0 ጀምሩ፤ ፓይተን የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። 6 ረድፍ ካለ የመጨረሻው ቁጥር 5 ነው። 10 ዓምድ ካለ የመጨረሻው 9 ነው። ከዚያ አንድ ፍሬ ባቄላ እረኛው የቆመበት ካሬ ላይ አስቀምጡ።

አሁን ኮዱን መስመር በመስመር አንብቡና ባቄላውን ኮዱ እንደሚለው አንቀሳቅሱት። እናንተ እንደምትፈልጉት አይደለም። ከባዱ ይሄ ነው። ልጁ ኮዱ «ረድፍ ላይ 1 ደምር» እያለው ባቄላውን ወደ ላይ ሊገፋ ሞከረ። «የት ነው እሱ የተጻፈው?» አልኩት። ደብተሩን አየ። ረድፍ 2 ላይ 1 ሲደመር 3 ነው። 3 ደግሞ ከ 2 በታች ነው። ዝም አለ።

ደብተሩ ሌላ ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም።

ከባቄላው ቀጥሎ ፕሪንት ነው፤ ፕሮግራሙ የያዘውን ስክሪን ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ። እረኛው ከመንቀሳቀሱ በፊት የት እንዳለ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ የት እንደሆነ በአንድ መስመር አሳትሙ፦

ከ 2, 3 | ሰሜን | ወደ 3, 3

ይቺ መስመር ከሁለት ሰዓት ፍጥጫ ትበልጣለች። ሰሜን ተብሎ የረድፉ ቁጥር እንደጨመረ ወዲያው ታያላችሁ። እግረ መንገዴን፣ ፓይተን 3 የተለዋዋጭ (ዋጋ የምናስቀምጥበት መያዣ) ስም በአማርኛ ፊደል ይቀበላል። ረድፍ፣ ዓምድ፣ ካርታ ብላችሁ መሰየም ትችላላችሁ። ትእዛዞቹ ብቻ ናቸው እንግሊዝኛ የሚሆኑት። እኔ ከታች የምጽፈውን ሁሉንም በአማርኛ አድርጌዋለሁ፤ ወደ ፓይተን መመለሱ የእናንተ ነው።

እንግዲህ ወደ በሽታዎቹ።

ሰሜንና ደቡብ የተገለባበጡት የሒሳብ ክፍል ስለተከተለን ነው። ሒሳብ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ይጨምራል። ካርታው ግን እንደ ደብተር ገጽ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ከላይ ነው፣ ወደ ታች ስንወርድ ቁጥሩ ይጨምራል። ስለዚህ ሰሜን ማለት ረድፍ ሲቀነስ 1 ነው።

የዚህ መንታ ወንድም ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ ቦታውን «ኤክስ» እና «ዋይ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ሒሳብ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ኤክስ ነው፣ ወደ ጎን የሚለካው። ካርታው ግን የሊስቶች (በተርታ የተቀመጡ ዝርዝሮች) ሊስት ነው፤ መጀመሪያ ረድፉን ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ከረድፉ ውስጥ ዓምዱን። ካርታ[ረድፍ][ዓምድ] ነው። እሱ ኤክስን አስቀድሞ ጻፈው። እረኛው ምሥራቅ ሲባል ወደ ታች ሄደ።

ለምን ኤረር (የስህተት መልእክት) አልመጣም? የመጀመሪያው ካርታ 8 በ 8 ስለነበረ ነው። እኩል በእኩል የሆነ ካርታ ላይ ረድፍና ዓምድ ቢቀያየሩ ማንም አይከሰስም፤ ሁለቱም እስከ 7 ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ነው ካርታውን 6 በ 10 ያደረግነው። ወዲያው ኤረሩ ፈሰሰ። ደስ አለኝ። የሚጮህ ስህተት ከሚደበቅ ስህተት ይሻላል። እናንተም መሞከሪያ ካርታችሁን በፍጹም እኩል በእኩል አታድርጉት። ድንጋዮቹንም ግራና ቀኝ ተመሳሳይ አድርጋችሁ አትደርድሩ። ኤክስና ዋይ የሚለውንም ተዉት፤ ረድፍና ዓምድ በሉ።

አራቱን አቅጣጫዎች አንድ ዲክሽነሪ (ቃል ሲሰጡት የቃሉን ዋጋ የሚመልስ ሰንጠረዥ) ውስጥ ብታስቀምጧቸው ደግሞ የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ መጀመሪያ የረድፉ፣ ቀጥሎ የዓምዱ ለውጥ፦

ሰሜን፦ -1, 0
ደቡብ፦ 1, 0
ምሥራቅ፦ 0, 1
ምዕራብ፦ 0, -1

አሁን ጅሩ ላይ ጠፍቶ ጣርማ በር ላይ ብቅ ወደሚለው እረኛ እንምጣ። ይሄን የወደድኩት ለጉድነቱ ነው። እረኛው ዓምድ 0 ላይ ቆሞ ምዕራብ ሲባል ዓምዱ -1 ይሆናል። የጀማ ገደል እንደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ የለም። ሰው ይወድቃል። ፓይተን ግን አይወድቅም። ሊስት ውስጥ -1 ማለት «ከመጨረሻው የመጀመሪያው» ማለት ነው። ስለዚህ ካርታ[2][-1] እና ካርታ[2][9] አንድ ካሬ ናቸው። እረኛው በቀኝ ጠርዝ ተሣለ። ኤረር የለም፣ ቅሬታ የለም። ምዕራብ ምዕራብ ብትሉት -2፣ -3 እያለ ሜዳውን እንደገና ያቋርጣል። ከዓምድ 0 ተነስቶ 11ኛው እርምጃ ላይ -11 ሲደርስ ነው ፕሮግራሙ የሚወድቀው። ያን ጊዜ ኤረሩን የምታዩት ስህተቱ ከተሠራበት ቦታ አሥር እርምጃ ርቃችሁ ነው።

በስተምሥራቅ በኩል ሌላ ነው። ከ 9 ወደ 10 ሲሄድ ወዲያው «ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» ይላል፤ ቁጥሩ ከሊስቱ ወጥቷል ማለት ነው። ልጁ ዳር መጠበቂያ ጽፎ ነበር፣ ግን «ዓምድ ከ 10 ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ» ብሎ። «እኩል» የሚለው ነው ገደል የከተተው። ትክክሉ ከ 0 ጀምሮ፣ ከ 10 በታች ነው። 10 የሚለውንም በእጅ አትጻፉት፤ የረድፉን ርዝመት ፓይተን ራሱ ይቁጠርላችሁ። ነገ ካርታውን ስታሰፉት 10 ቁጥርን በየቦታው ስትለቅሙ እንዳትውሉ።

ድንጋዩ። ልጁ መጀመሪያ እረኛውን ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ድንጋይ ላይ መቆሙን ያያል። ድንጋይ ከሆነ «ዓምድ ሲቀነስ 1» ብሎ ይመልሰዋል። ከምዕራብ ለመጣ እረኛ ልክ ነው። ከሰሜን የመጣው ግን ወደ መጣበት ሳይሆን ወደ ግራ ይንሸራተታል። በግራ ሌላ ድንጋይ ካለ እዚያው ውስጥ ይቀራል። «አስገብቶ ማስወጣት» የሚባለው አሠራር መጨረሻው ይሄ ነው። ሰው ቤት ሳይገቡ በፊት በር ይንኳኳል፦

አዲስ_ረድፍ = ረድፍ + የረድፍ_ለውጥ
አዲስ_ዓምድ = ዓምድ + የዓምድ_ለውጥ
አዲሱ ቦታ ከካርታው ውጭ ከሆነ፦ ባለህበት ቁም
ካርታ[አዲስ_ረድፍ][አዲስ_ዓምድ] ድንጋይ ከሆነ፦ ባለህበት ቁም
ረድፍ = አዲስ_ረድፍ
ዓምድ = አዲስ_ዓምድ

የሁለቱን ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ከካርታው ውጭ መሆኑ ይቅደም። ድንጋዩን ካስቀደማችሁ የሌለ ካሬ ከፍታችሁ «ድንጋይ ነህ?» ብላችሁ ልትጠይቁ ነው። ዳር መጠበቂያው ሳይደረስ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እኛ ይሄን ያገኘነው ባቄላውን ዓምድ 9 ላይ አስቀምጠን ምሥራቅ ስንለው ነው።

ከዚያ ስድስት እረኛ መጣ። እውነቴን ነው። አንድ እረኛ አስቀምጦ ሲያሳትም በአንድ ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች ስድስት «እ» ተደርድሯል። ልጁ «ተባዙ» አለ። እኔ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ገባኝ። ባዶውን ካርታ የሠራው አንድ ረድፍ ጽፎ በ 6 በማባዛት ነበር። ስድስት ኮፒ የሚያወጣ መስሎት ነው። አያወጣም። አንዱን ኦሪጅናል ለስድስት ሰው ነው የሚያሲዘው። አንዱ ሲጽፍበት የሁሉም ወረቀት ላይ ይታያል፤ ወረቀቱ አንድ ነዋ። መፍትሔው በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ስድስት ጊዜ አዲስ ረድፍ መሥራት ነው፣ ለየራሱ።

የዚህ ግልባጭም አለ። እረኛው ጭራሽ አልንቀሳቀስ ይላል። ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ፕሪንት ብታደርጉ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ከፋንክሽኑ ሲወጣ የድሮው ነው። ፋንክሽኑ አዲሱን ረድፍና ዓምድ መመለስ አለበት፣ የጠራውም ተቀብሎ መያዝ አለበት። አለዚያ ኮፒው ላይ አርማችሁ ኦሪጅናሉን ለደንበኛ እንደ መስጠት ነው። እኔ አንዴ ደርሶብኛል፤ ደንበኛዬ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ነው የተመለሰው።

እረኛው በሄደበት ሁሉ ጥላውን ጥሎ ከሄደ፣ ማለትም «እ» «እ» «እ» እያለ መስመር ከሠራ፣ የድሮውን ካሬ አላጠፋችሁም። ነጥብ መልሳችሁ ብትጽፉበት ይጠፋል። ግን ካሬው መጀመሪያ ነጥብ ካልነበረስ? እረኛው በረገጠው ቁጥር ያለውን ነገር ወደ ሣር ይለውጠዋል። የኔ ምክር እረኛውን ካርታው ውስጥ ጨርሶ አለመጻፍ ነው። ካርታው መሬት ብቻ ይያዝ። እረኛው ሁለት ቁጥር ነው። ስታሳትሙ ብቻ፣ ያ ካሬ ሲደርስ በመሬቱ ፈንታ «እ» አትሙ።

አሁን የኔን የሙያ ጉዳይ ላንሳ፤ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ቀን ሁሉም ነገር ሠርቶ፣ ልጁ ሲጫወት ሰሜን ይሄዳል፣ ደቡብ ይሄዳል፣ ምሥራቅ ግን አይሄድም። እኔ ስጫወት ይሄዳል። እሱ ሲቀመጥ አይሄድም። እንደገና እኔ፣ ይሄዳል። «እጅሽ ላይ ነገር አለ» አለኝ። ኮዱን አሥር ጊዜ አነበብን። ባቄላውም አልረዳንም።

እጄ ላይ በርግጥ ነገር ነበር። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፣ «ምሥራቅ» ብዬ ነው የምጽፈው፣ በንጉሡ ሥ። እሱ «ምስራቅ» ይላል፣ በእሳቱ ስ። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ስ 4661 ቁጥር ነው፣ ሥ ደግሞ 4645። አይገናኙም። ዲክሽነሪውን የተየብኩለት እኔ ስለነበርኩ የሚያውቀው የኔን ብቻ ነው። ምዕራብና ምእራብም እንደዚያው ናቸው። «ዕ» እና «እ»፣ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሁሉ በአማርኛ ጌም ውስጥ ወጥመድ ናቸው። መፍትሔው ተጫዋቹ የጻፈውን ከማመሳከር በፊት አንድ ወጥ ማድረግ ነው፤ ሥን ወደ ስ፣ ዕን ወደ እ ተኩ። ዲክሽነሪውም ውስጥ ያሉት ቃላት በዚያው መልክ ይጻፉ። እኔ ቅር እያለኝ ነው ሥን የለወጥኩት። ዲክሽነሪው ውስጥ ብቻ ነው ግን፤ ማመልከቻ ላይ አልለቃትም።

ዓይን የማይለየውን ለማየት ቃሉን ብቻ አታሳትሙ፤ ርዝመቱን አብራችሁ አሳትሙ። ምስራቅ 4 ፊደል ነው። 5 ካላችሁ ከኋላው ባዶ ቦታ ተከትሎታል። የስልክ ኪቦርድ ቃል ሲያሟላ ባዶ ቦታ መጨመር ይወዳል። ባዶውን መከርከም አንድ ትእዛዝ ነው። ርዝመቱ እኩል ሆኖ አሁንም ካልሆነ፣ የየፊደሉን ቁጥር አሳትሙ። በላቲን ፊደል ለሚጫወት ሰው ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደዚሁ ይለያያሉ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ከሆነም የተጫናችሁት ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ ነው።

ዋሻውን በአጭሩ ልለፈው። ልጁ የጣርማ በርን ዋሻ ጌሙ ውስጥ ልክተት አለ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን፣ ዛሬም ወደ ደብረ ሲና የምንሻገርበትን። አንዱ አፍ ላይ ሲረግጥ በሌላው አፍ ይወጣል። ግን «ዋሻ ላይ እስካለህ ድረስ ወደ ሌላው አፍ ሂድ» ብሎ በሉፕ ጻፈው። ሌላውም አፍ ዋሻ ነው። እረኛው ከአፍ ወደ አፍ ሲመላለስ ስክሪኑ ደረቀ፣ የላፕቶፑ ፋን መጮህ ጀመረ። ኮንትሮልና ሲ ስትጫኑ ይቆማል። «እስካለህ ድረስ» የሚለውን «ከሆንክ» አድርጉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቅ፣ በእግሩ ሄዶ ሲረግጥ።

በመስኮት የሚሠራ ጌም፣ ለምሳሌ በፓይጌም (የፓይተን የጌም መሥሪያ)፣ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፕሮግራሙ በሰከንድ 60 ጊዜ «ቁልፉ ተጭኗል?» ብሎ ከጠየቀና በእያንዳንዱ አንድ ካሬ ካስኬደ፣ እረኛው ጣታችሁን ሳታነሱ ሜዳውን ያቋርጣል። ቁልፉ ተጭኖ ስለመቆየቱ ሳይሆን ስለተጫነበት ቅጽበት ጠይቁ። ቦታውንም በካሬ ቁጥር ያዙ፤ በካሬው ስፋት የምታባዙት ስትሥሉ ብቻ ነው።

እርማት ባደረጋችሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ዓይነት መንገድ አስኪዱት። የኛ ወረቀት ላይ የተጻፈው፦ ከ 2, 3 ተነሣ፣ ምሥራቅ፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፤ 3, 4 ላይ መገኘት አለበት። ከዚያ አራቱ ጥጎች ላይ አቁሞ ወደ ውጭ መግፋት፤ ጥጉ ሁለት ውጭ ስላለው 8 ሙከራ ነው። አንድ ድንጋይ በአራቱም በኩል መግጨት፣ 4። አሰልቺ ነው። ልጁ ሦስቴ ዘሎት ሦስቴም የድሮ ስህተት ተመልሶበታል። አንዴማ ሁሉም ሙከራ ሲወድቅበት ቆይቶ፣ የሚያርመው አንዱን ፋይል፣ የሚያስኬደው ሌላውን ኮፒ ሆኖ ተገኘ። ያልጠበቃችሁት ነገር ሁሉ ሲያስቸግር የማይረባ ቃል ፕሪንት አድርጉ። ቃሉ ካልወጣ ፋይሉ ሌላ ነው።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጅብ ጨመረ። ጅቡ እረኛውን ያሳድዳል። ድንጋዩን ሁሉ ሰንጥቆ ያልፋል። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ጅብ አይደል አክስቴ፣ ድንጋይ ያቆመዋል እንዴ?» አለኝ። ኮዱን ከፈትኩት። ለጅቡ የጻፈው መንቀሳቀሻ ሌላ ነው፣ ከድሮው፣ ካልታረመው የተገለበጠ። ለእረኛው ያስተካከልነው ፋንክሽን ስንት ቀን የለፋንበት ሳለ፣ ጅቡ በዚያ በር አልገባም። ሁለቱንም በአንድ ፋንክሽን እንዲሄዱ አስደረግኩት። ቦታና አቅጣጫ ይቀበላል፣ አዲስ ቦታ ይመልሳል፤ የሚሄደው ጅብ ይሁን እረኛ አያገባውም።

አሁን ጅቡ ድንጋይ ጥግ ይቀረቀርና በጓ እስክትገኝ ድረስ እዚያው ይቆማል። መዞር አያውቅም። እሱን ይዞ ነው መሐል ሜዳ የገባው፣ ደብተሩንና ባቄላውን ጨምሮ።